ሾተላይ መስሎኝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከአጸደ ሕፃናት ቅማል ይዛ መጣች። እኔ ቅማል ሲባል ገና ስሙን ስሰማ ነው የሚያሳክከኝ፤ በረንዳ ላይ አስቀምጫት ፀጉሯን እየገለጥኩ ስነጫነጭ ታች ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ሰማችና አንድ የውሃ ፕላስቲክ ይዛልኝ ወጣች። «በዚህ እሽት አድርጊላትና በፌስታል እሰሪው፤ ጠዋት አንድ አይተርፍም» አለችኝ። ክዳኑን ከፈትኩት። ላምባ ነው።

ወዲያው መልሼ ገጠምኩትና «እግዜር ይስጥሽ፣ አልፈልግም» አልኳት። ቅር አላት። ቅር ይበላት፣ ምን ላድርግ! አንድ በአንድ በማበጠሪያ ስለቅም ሦስት ቀን ፈጀብኝ እንጂ ላምባ በእጄ አልነካም። ሴትዮዋ ምን ታውቃለች፤ እሷ የሸተታት ላምባ ነው፣ እኔን የሸተተኝ የዚያ ክረምት የአክስቴ የጥሩዬ ክፍል ነው።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ላፍቶ፣ ዛሬ ሱቅና ፎቅ የሞላበት ቦታ ላይ፣ ከግቢያችን ጀርባ ጤፍ ይዘራ ነበር ብል ልጄ እንኳ ትስቅብኛለች። መንገዱ በክረምት ቡኮ ይሆናል፤ ታክሲ ዋናው አስፋልት ላይ ያወርደንና ጫማችንን ይዘን ነው የምንገባው። አባቴ ክፍለ ሀገር መንገድ ሥራ ላይ ስለነበር ዋናው ቤት ውስጥ እኔና እማዬ ብቻ ነን። ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ውስጥ ደግሞ የእማዬ ታናሽ እህት ጥሩነሽ ከባሏ ጋር ትኖራለች። እኔ ጥሩዬ ነበር የምላት። ባሏ ጋሽ ማቲዎስ የሆሳዕና ሰው ነው፤ በያጅ ነው፣ የበርና የመስኮት ብረት ይሠራል። ጴንጤ ነው። ጥሩዬም እሱን ስታገባ ጴንጤ ሆነች፤ እማዬ በዚህ የተነሳ ዓመት ሙሉ አኩርፋት ነበር አሉ። ኋላ ግን የጥሩዬ የሆድ ነገር መጣና ማን ኩርፊያ ያስታውሳል።

ጥሩዬ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱንም አላሳደገችም። የመጀመሪያው በሰባት ወሩ ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛዋ ቢጫ ሆና ተወልዳ፣ ሁለት ቀን ኖራ ሄደች። በዚያ ክረምት ሦስተኛውን ይዛ ሆዷ ገፍቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ሁላችንም ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምናወራው፤ በር እንኳ ስንዘጋ በእጃችን ደግፈን ነው።

ስለ ነገሩ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። እማዬ ሀና ማርያም ጠበል ካልገባች አይሆንም ትላለች። ጋሽ ማቲዎስ አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኮ ይጸልያል። ሐኪሙ ደግሞ «የአንቺና የባልሽ ደም አልተስማማም» ብሏታል፤ ይህን እማዬ ለሰው ስትናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ የመሰለኝ በሃይማኖት የተጣሉ ነው። የእሷ ደም ገና ኦርቶዶክስ፣ የእሱ ጴንጤ፤ ታዲያ እንዴት ይስማሙ? አንድ ቀን ጋሽ ማቲዎስ ጣቱን ላሜራ ቆርጦት ደሙ ሲንጠባጠብ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ትኩር ብዬ አየሁት። ምን የሚያጣላ ነገር እንዳለው ፈልጌ አጣሁ። «ምን ታፈጥጫለሽ አንቺ፣ ፕላስተር አምጪ እንጂ!» አለኝ።

የአጥር ጎረቤታችን እማማ ጽጌ ደግሞ የሐኪሙንም የጋሽ ማቲዎስንም ነገር አትሰማም። ዶሮ አርቢ ናት፤ ቀሚሷ ላይ ሁልጊዜ ላባ አይጠፋም። አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ለእማዬ ስትነግራት እኔ ጆሮዬን ጥዬ ቆሜያለሁ።

«ሾተላይ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል! ማህፀን ገብቶ የልጁን ደም መጥጦ መጥጦ ይጥለዋል። ስንቱን ቤት ባዶ አደረገ መሰለሽ።»

እማዬ ስትሄድ ጠብቄ ተጠጋኋት። «እማማ፣ ምን ያክላል?»

«ምኑ?»

«ሾተላዩ።»

«ወይ ጉድ! ማን አይቶት ልጄ? ዓይን የማይሞላ ነገር ነው። ሂጂ ወዲያ፣ የትልቅ ሰው ወሬ አትስሚ።»

ዓይን የማይሞላ፣ ደም የሚመጥ። እንግዲህ እኔ በዕድሜዬ የማውቀው ደም መጣጭ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ራሴ ላይ ወጥቶ እማዬ በላምባ የፈጀችው ቅማል። በላምባ አሽታኝ በፌስታል ጠቅልላኝ፣ «ምድጃ አጠገብ እንዳትደርሺ» ብላ ውጭ አስቀምጣኝ፣ ዓይኔ እያለቀሰ የዋልኩትን አልረሳውም። ማታ ስታበጥረኝ ነጭ ወረቀቱ ላይ ሞተው ረገፉ። እማዬ ወረቀቱን እያሳየችኝ «እሰይ!» አለች።

ሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ተሰጠኝ። ሐኪሙ ጥሩዬን ተኚ ስላላት ቀን ቀን አጠገቧ እውላለሁ፤ ውሃ አቀብላለሁ፣ ስታስመልስ ሳፋ እይዛለሁ፣ ሰው ሲመጣ በር እከፍታለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ጥሩዬ ተረበኛ ናት። ተኝታም ታስቀኛለች።

አንዲት ርግብ የመጣችብን ያኔ ነው። ከጥሩዬ መስኮት በላይ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር፣ ግድግዳው ላይ የመብራት ቆጣሪ አለ፤ የቆጣሪው ሳጥን አናት ላይ ዓምና ሌላ ርግብ የተወችው አሮጌ ጎጆ ነበር። እሷ እሱኑ አደሰችው። አንድ ጭራሮ፣ አንድ ሣር፣ ከጋሽ ማቲዎስ መሥሪያ ቦታ የለቀመችው ቁራጭ ሽቦ። ጀርባዋ ቡናማ ሆኖ ክንፏ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አለ፤ ዓይኗ ዙሪያውን ቀይ ነው። ስታለቅስ የከረመች መሰለኝና ለጥሩዬ ነገርኳት።

«ታለቅሳለቻ» አለች ጥሩዬ። «እሷም እንደኔ ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሽ ማቲዎስ ጎጆውን ሲያይ መሰላል ሊያመጣ ተነሳ። ቆጣሪ ላይ ሣር እሳት ያስነሳል አለ። ጥሩዬ ከአልጋዋ ቀና ብላ «በሞቴ አትንካት!» አለችው። ሁለት እንቁላል የጣለች ቀን ደግሞ ሆዷን ይዛ ሳቅ አለችና «እሷ ከፈለፈለች እኔም እወልዳለሁ» አለች።

«ምልክት ከጌታ እንጂ ከወፍ አይጠየቅም ጥሩዬ» አላት ባሏ።

«ወፏንስ ማን ላካት?»

የመሰላሉን ነገር ትቶ ወደ ሥራው ሄደ። በማግስቱ ግን ረጅም ቀጭን ብረት ጫፍ ላይ ክብ መስታወት በሽቦ አስሮ አመጣልኝ። ጥሩዬ ተነስታ ማየት ስለማትችል ዓይኗ እኔ ሆንኩ። በየጠዋቱ ርግቧ ተነስታ ስትበር ጠብቄ መስታወቱን ወደ ላይ እዘረጋለሁ።

«ስንት?» ትላለች ከውስጥ።

«ሁለት!»

«ተመስገን።» ከዚያ በጠመኔ በሩ ላይ አንድ መስመር እንድጨምር ታዘኛለች።

በዚያ ሳምንት ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ወፍራም ሰውዬ፣ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ። ወደ ሳጥኑ ሲጠጋ ርግቧ ክንፏን አንስታ ጥፊ የመሰለ ነገር ሰነዘረችበት። «ኧረ!» ብሎ ወደኋላ ሲል ጥሩዬ በመስኮት ጮኸች፤ «ጌታው፣ አራስ ጥየቃ እንዲህ ነው እንዴ የሚመጣው?» ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «አራስ ከሆነች ገንፎ ይቅረብላታ!» አለና ከሩቅ ተንጠራርቶ፣ ዓይኑን አጨንቁሮ አንብቦ ሄደ። ሲወጣም «በሰላም ይገላግልሽ እመቤቴ» አላት። ጥሩዬ እስከ ማታ ድረስ «እመቤቴ ተባልኩ» እያለች ስትቀልድ ዋለች።

እንቁላሎቹ ንጹሕ ነጭ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት መስታወቱን ሳነሳ ግን ነጠብጣብ አየሁባቸው። ጥቁር ቀይ፣ በመርፌ ጫፍ የተነካካ የሚመስል።

«ስንት?»

«ሁለት። ግን ነጥብ ነጥብ ነገር አለባቸው።»

ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነብኝ። «ደም ነው?»

«ጭቃ ነው» አልኩ። ደም መሆኑን አውቄ ነው የዋሸሁት፤ ድምፅዋ አስፈርቶኝ።

በማግስቱ ጀሪካን በወንበር ላይ ደርቤ ወጥቼ በዓይኔ አየሁ። ጭራሮው ውስጥ የበርበሬ ብናኝ የመሰለ ነገር ይርመሰመሳል። ብናኝ መስሎኝ ትንፋሽ ስሰጠው ሮጠ። አንዱን በጥፍሬ ደመሰስኩት፤ ጥፍሬ ላይ ደም ሆነ። ዓይን የማይሞላ፣ ደም የሚመጥ፣ እንቁላል ላይ የሚወጣ! እማማ ጽጌ ማንም አላየውም ያለችውን ሾተላይ እኔ አገኘሁት፤ ያውም ከጥሩዬ መስኮት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ።

ያን ቀን ከሰዓት ጥሩዬ ክንዷን ስታክ አየኋት። አንገቷም ላይ ቀይ ቀይ ነገር ወጥቷል። «ምን እንደሚበላኝ እንጃ፣ አንሶላው ነው መሰለኝ» አለች። አንሶላው አይደለም። እኔ አውቄያለሁ። በመስኮቱ ወርዶ እየመጣባት ነው።

ለእማዬ ለምን አልነገርኩም? ልጅ ነኛ! አንደኛ፣ የትልቅ ሰው ወሬ አትስሚ ተብያለሁ። ሁለተኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔው ብቻዬን ገድዬው ልጁ ሲወለድ «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ልላቸው አምሮኝ ነበር።

እማዬ ገበያ ስትሄድ ከቡታጋዙ ጀሪካን ላምባ በሲኒ ቀዳሁ። ጥጥ ያዝኩ። ጥሩዬ እንቅልፍ ወስዷታል። ርግቧ እስከ መጨረሻው አልነሳም ብላ በግድ አስነሳኋት፤ ባህር ዛፉ ላይ ወጥታ ታየኛለች። አንደኛውን እንቁላል አነሳሁ። ሞቃት ነበር። በላምባ በራሰ ጥጥ ዙሪያውን፣ ታቹንም ላዩንም፣ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ አድርጌ ጠረግኩት። ደሙ ሁሉ ለቀቀ፤ ወዝ ያለው ሆኖ አበራ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። የተረፈውን ላምባ ጭራሮው ላይ አፈሰስኩና ወረድኩ። እማዬ ስትመጣ «ምን ነክተሽ ነው እንዲህ የምትሸቺው?» አለችኝ። «ቡታጋዙን ላጸዳ ብዬ» አልኳት። «አፈር ስሆን፣ ምን ዓይነት ልጅ ሰጠኝ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

ርግቧ አመሻሹ ላይ ተመለሰች። ዙሪያውን ስታሸት፣ አንገቷን ስታወጣ ስታገባ ቆየችና ታቀፈች። በማግስቱ በመስታወቱ አየሁ፤ የሚርመሰመስ ነገር የለም። አንድም! ጥሩዬም አንሶላ ተቀይሮላት ማከኩ ተወት አደረጋት። እኔ ደግሞ ግቢው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ነው የምሄደው።

«ስንት?»

«ሁለት! ንጹሕ ናቸው፣ ጭቃውም ለቋል!»

«አፍሽን በዳቦ!» አለችኝ ጥሩዬ።

ደስታዬ አራት ቀን ነው የቆየው። በአምስተኛው ቀን እማማ ጽጌ ዶሮ ልታስታቅፍ ነው ብላ በአጥሩ ጠራችኝ፤ እንቁላሎቹን በከሰል ምልክት እንዳደርግላት። ዳቦ በቅቤ እየበላሁ ነበርና ቅርጫቱ ውስጥ እጄን ልከት ስል በጥፊ ልትለኝ ምንም አልቀራትም።

«ታጠቢ! በሳሙና ታጠቢ! ቅባት የነካው እንቁላል አይፈለፈልም፣ አታውቂም?»

«ለምን?»

«ይተነፍሳላ! ሞኝ ነሽ እንዴ? ቅርፊቱ ዝም ብሎ ድንጋይ መሰለሽ? ውስጥ ያለው ጫጩት በእሱ ነው የሚተነፍሰው። ቅባት ከደፈነው እዚያው ታፍኖ ይሞታል።»

ዳቦው አፌ ውስጥ ቀረ። «ላምባስ?» አልኳት።

«ላምባማ መርዝ ነው፤ ከቅባትም የባሰ።» አመድ በእፍኟ እየዘገነች የዶሮዋ ማቀፊያ ላይ መነስነስ ጀመረች። ይህ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «ለቅማል። ቀይ ቀይ የዶሮ ቅማል አለ፤ ማታ ማታ ወጥቶ ደሟን ይመጣታል። እንቁላሉ ላይ የደም ነጠብጣብ ካየሽ እሱ ነው። ዶሮዋ ስታክክ ትነሳለች፣ ስትነሳ እንቁላሉ ይበርዳል። በተለይ አሮጌ ማቀፊያ ካልተጠረገ ዓመት ሙሉ ተደብቆ ይጠብቃል። ግን አመድ ካየ ይጠፋል። ይኸው፣ እፍኝ አመድ ነው መድኃኒቱ።»

«ርግብ ላይም ይወጣል?»

«ወፍ ሁሉ ላይ። ሰውም ይነክሳል፣ ቤት ከገባ።»

«ሾተላይ አይደለም?»

እማማ ጽጌ ሳቀች። «ሾተላይ! ቅማል ነው እንጂ ምን ሾተላይ ትላለች ይቺ ልጅ።»

ቤት እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። የማውቀው ከዚያ በኋላ ያሉትን ጠዋቶች ነው። ርግቧ ዝናብ ሲወርድ ክንፏን ከፈት አድርጋ፣ ከክፈፉ የሚፈናጠረው ውሃ ጀርባዋ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ንቅንቅ ሳትል የሞቱ እንቁላሎች ታቅፋ ትውላለች። ባሏ ይመጣና ይቀይራታል፤ ተራ ይዘው። እኔ ደግሞ ከሥር መስታወት ይዤ እቆማለሁ።

«ስንት?»

«ሁለት።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ምን ልበላት? በሩ ላይ መስመሩ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ሆነ። እማማ ጽጌን አስጠይቃ ርግብ በሁለት ሳምንት ተኩል እንደምትፈለፍል አውቃለች። አሥራ ሰባት። አሥራ ስምንት። «ብርዱ ነው የሚያዘገያቸው» አለች። ሃያ። «ከኔ ጋር ልትወልድ ፈልጋ ነው» ብላ ልትስቅ ሞከረች። ሃያ ሁለተኛው ቀን ላይ «ስንት?» ማለት ተወች። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ «ሁለት» እላታለሁ፤ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች።

በሃያ አራተኛው ቀን ርግቧ ሄደች። በማግስቱ ደግሞ የሐኪም ቀጠሮ ነበር። ዋናው ቀጠሮ እሱ ነው፤ ሐኪሙ «ያን ቀን አይተን ካስፈለገ ቀድመን በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን፣ እንዳትቀሪ» ብሏት ነበር። እማዬም ጋሽ ማቲዎስም ከወር በፊት ጀምረው የሚያወሩት ስለዚያ ቀን ብቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው።

ጥሩዬ «አውርጂልኝ» አለችኝ። በቀሚሴ ኪስ ይዣቸው ወረድኩ። አንዱን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ በማንኪያ ሰሃን ላይ ሰበረችው። ሽታው ቤቱን ሞላው። ውስጡ ጫጩት ነበር፤ እርጥብ፣ ምንቃር ያለው፣ እግሩን ያጠፈ። እኔ አፍንጫዬን ይዣለሁ፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ታየዋለች።

«ሁሉ ነገር ሞልቶለታል» አለች። «ሞልቶለት ነው የሞተው።» ሰሃኑን በክዳን ከደነችና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ማታ ጋሽ ማቲዎስ ነገ ቀጠሮው እንዳይቀር ለመናት። «ጥሩዬ፣ ወፍ ናት እኮ! ወፍ!» አላት።

ጠዋት ዝናብ ነው። ጋሽ ማቲዎስ ባለላዳውን ለምኖ፣ በጭቃው አስገብቶ በር ላይ አስቁሞታል። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፌስታል ውስጥ የሕፃን ልብስ ይዛ ቆማለች። «ተነሺ እንጂ ጥሩዬ፣ ሰውየው እየጠበቀን ነው!»

«የትም አልሄድም።»

«ምን ማለት ነው የትም አልሄድም? ደህና ነሽ?»

«ተነግሮኛል። ሄጄስ? ሆዴን ቀደው ሬሳ ሊያወጡልኝ? እንደ ሁለቱ እቤቴ ይምጣ፣ እቤቴ ልቅበረው።» ጮክ ብላ አልተናገረችም። ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ማቲዎስ አልጋው ሥር ተንበርክኮ እግሯን ይዟል። ላዳው ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ ጀርባዬ የጠመኔውን መስመር እየነካ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። «እኔ ነኝ፣ ላምባ ቀብቼ ነው፣ እንቁላሎቹ ደህና ነበሩ» ማለት ብቻ ነው። ይኸው፣ አሁን ስጽፈው እንኳ አንድ መስመር አልሞላም። ብናገር ጥሩዬ ትነሳ ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ ትነሳ ነበር። አፌን ከፈትኩ።

«ጃንጥላ ላምጣ?» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ላዳው ሄደ።

ከስምንት ቀን በኋላ ሆዷ ዝም አለ። ያኔ ጋሽ ማቲዎስ ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ወሰዳት፤ ጭቃው ብሶ ስለነበር ያን ቀን መኪና አልገባም። ሦስት ቀን ቆይተው ሲመለሱ እማዬ የያዘችው ፌስታል እንደተቋጠረ ነው። ወንድ ነበር አሉ። እማዬ ለእማማ ጽጌ በአጥሩ ስትነግራት ሰማሁ፤ «በቀጠሮው ቀን ብትመጡ ኖሮ ምናልባት ይሉናል። ምናልባት!» አለችና እሪ አለች። እኔ የውሃ በርሜሉ ጀርባ ተወሽቄ ጆሮዬን ያዝኩ። ያ ምናልባት ምን ያህል እንደሆነ እስከ ዛሬ ሐኪም ጠይቄ አላውቅም። መልሱን እፈራዋለሁ።

ጳጉሜ ላይ አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ። ጥሩዬ ሰርቪሱ ደጃፍ ዱካ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጡቷን በመቀነት አስራዋለች፤ ወተቱ ግን ቀሚሷን አርሶት ይታያል። ከተመለሰች አልቅሳ አታውቅም፣ እማዬን ያስፈራት እሱ ነው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መናገር አላሰብኩም ነበር። ዝም ብሎ ወጣ።

«ጥሩዬ፣ እንቁላሎቹን እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ማለት?»

«ላምባ ቀባኋቸው። ቀይ ቀይ ነገር ነበረባቸው፣ ሾተላይ መስሎኝ። ወደ አንቺ እንዳይመጣ ብዬ። እማማ ጽጌ ቅማል ነው አለች፤ አመድ ቢሆን ይፈለፈሉ ነበር፣ ላምባ ያፍናል አለች።»

ዞር ብላ አየችኝ። «ከዚያ በፊት ደህና ነበሩ?»

«ደህና ነበሩ።»

«ርግቧ ምንም አልነበረባትም በይኛ!» አለች። ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር መጣ። «የኔ እናት፤ እኔ ደግሞ እሷን በሆዴ ሳማት ከረምኩ።»

ከዚያ ፈገግታው እንደመጣ ሄደ። «እማማ ጽጌ መቼ ነው የነገረችሽ?»

«ዶሮዋን ያስታቀፈች ቀን።»

ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ አንድ በአንድ ሲቆጥሩ አየኋቸው። ቆጠሩ፣ ቆጠሩና አንድ ቦታ ላይ ቆሙ።

«እንግዲያ ላዳው ሲመጣ ታውቂ ነበር» አለች።

«አዎ።»

ይኸው እሱ ነው። ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ማልቀስ ጀመረች። ሰውነቷ ሁሉ ነው የሚያለቅሰው፤ ዱካው ይንቀጠቀጣል። እኔም ለቀቅኩት። እማዬ ጩኸቱን ሰምታ ሊጥ በሊጥ በሆነ እጇ ከዋናው ቤት እየሮጠች መጣች። «ምንድን ነው? ምን ሆናችሁ?»

ጥሩዬ ነጠላውን ከፊቷ አወረደች። ዓይኗን ጠረገች። «ምንም። ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው ብላ ነው የምታለቅሰው» አለቻት። «እኔንም አስለቀሰችኝ።»

እማዬ ሁለታችንንም አየችንና «በሉ ተዉ፣ በቃ» ብላ ሄደች። ጥሩዬ እግሯ እስኪርቅ ጠበቀች። ከዚያ እኔን ሳታይ፣ ጤፉን እያየች፣ «አልሰማሁሽም» አለች። «አንቺም አልነገርሽኝም። ለእናትሽም ለማቲዎስም፣ ለማንም። አደራ።»

እንደተባልኩት አደረግኩ። ጥሩዬ ከዚያ በኋላ አልወለደችም። ዛሬም እዚያው ላፍቶ ናት፤ በዓል ሲመጣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፣ ትስመኛለች፣ እናወራለን፣ ስለዚያ ክረምት ግን አንስተን አናውቅም። እሷ አልሰማችም፤ እኔም አልነገርኳትም።